ቀለበታሙ ቡናማ

ቡናማ እባብ ልጅ ሳለ ቡናማ አይደለም። ዛሬ ይህን የትኛውም ተማሪ ይነግራችኋል። በእኔ ልጅነት ግን እዚህ በደቡብ አውስትራሊያ ምድር፣ ዊሜራ ውስጥ ሪዙን ያበቀለ ገበሬ ሁሉ አጥብቆ የሚያምነው ሌላ ነበር፤ ቡናማው ከራሱ እስከ ጭራው አንድ ወጥ ነው፣ የደረቀ የስንዴ አገዳ ይመስላል፣ ምልክት የሚባል ነገር የለበትም። ምልክት ካለበት ሌላ እባብ ነው፣ ሰው አይገድልም፣ እለፈው። አባቴን ያስቀበረን ይህ እውቀት ነው።

ይህን ስናገር ልጆቼ "አሁንም?" ይሉኛል። አዎ፣ አሁንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ኢርማ የኤርዊን ልጅ ነኝ፤ ፀጉሬ ነጥቷል፣ ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ቂሜ ግን ገና ጥርሱ አልወለቀም።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። የገና በዓል ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፣ ሙቀቱ ወፍ ያወርዳል፣ አጨዳው ደግሞ እኩል ላይ ነው። የአባቴና የታላቅ ወንድሙ የጉስታቭ እርሻ በአንድ የሽቦ አጥር ብቻ ይለያያል። ማጨጃው የጉስታቭ ነው፣ በኩር ስለሆነ። የሚያዘውም እሱ ነው፣ ያም በኩር ስለሆነ። ጉስታቭ ትራክተሩን ይነዳል፣ ማጨጃው ከኋላ ይጎተታል፣ የሞሉት ጆንያዎች ማሳው ላይ ይቀራሉ፤ አባቴ በረጅም መርፌና በሲባጎ አፋቸውን እየሰፋ ይከተላል።

እኔ ምሳ ይዤ ነበር የሄድኩት። ቋሊማ የተደረገበት ዳቦ፣ በእርጥብ የሱፍ ካልሲ የተጠቀለለ የቀዝቃዛ ሻይ ጠርሙስ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ደግሞ እናቴ የጋገረችው ኬክ። ከምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ልጅ ስለሆንኩ ደመናው ደስ ብሎኛል፤ ዝናብ ማለት ውኃ ውስጥ መንቦጫረቅ ነው። ለትልልቆቹ ያ ዓይነት ደመና በረዶ ነው፣ በረዶ ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅን ስንዴ ከመሬት ጋር ያጣብቀዋል።

አባቴ ኬኩን ቆሞ እየበላ፣ የተጋደመ ጆንያ ሊያቀና ሌላውን እጁን ከሥሩ ሰደደ። ወዲያው እጁን መንጭቆ አወጣ። ከጆንያው ሥር እንደ እርሳስ የቀጠነ እባብ ብቅ ሲል ጉስታቭ ከትራክተሩ ወርዶ በአካፋ ጫፍ አንገቱን መታው።

እንዴት የሚያምር እባብ ነበር መሰላችሁ። ራሱ ጥቁር፣ ማጅራቱ ላይ ጥቁር ቀበቶ፣ ከዚያ በታች እስከ ጭራው ድረስ እኩል እኩል የተሰመሩ ጥቁር ቀለበቶች። የጉስታቭ ሚስት፣ የአክስቴ የሁልዳ የእሁድ አምባር ትዝ አለኝ። ጉስታቭ በቦት ጫማው አፍንጫ ገለበጠው፤ ሆዱን አየው። ቀጥሎ ወደ ምዕራብ አየ። ቀጥሎ አባቴን አየው። እኔ ሦስቱንም አይቻለሁ፣ ምን እንደሆኑ ግን አላወቅሁም።

"ቀለበት ያለው ቡናማ አይተህ ታውቃለህ?" አለው አባቴን።

አባቴ የተነደፈ አውራ ጣቱን እየመጠጠ አላውቅም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

"ቀለበታሞቹ የሰሜን ናቸው፣ የበረሃ። ይሄ ደግሞ በባቡር መጥቶ ይሆናል፣ ትኬት ቆርጦ" አለ ጉስታቭ።

አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እባብ ቦርሳ ይዞ ባቡር ጣቢያ ሲሰለፍ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ።

"በል ይቺን የማሳ ማዕዘን አጭደን እንጨርስ" አለ ጉስታቭ። "በረዶው ከቀደመን እባብ ሳይሆን ረሃብ ነው የሚነድፈን።"

ትራክተሩ ላይ ወጣ። አባቴም መርፌውን አነሳ። እኔ የኬኩን ፍርፋሪ አራግፌ ትንሹን እባብ ቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት፤ እሁድ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ።

ማሳው ዳር የቆመው የጭነት መኪና ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አባቴን ሳየው ቆየሁ። መጀመሪያ ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ። ቆይቶ ሲባጎውን ከመርፌው ዓይን ማስገባት አቃተው፤ ደጋግሞ ሞከረ። ከዚያ ከጆንያዎቹ ጀርባ ሄዶ አስመለሰው፣ ተመልሶም በዓይኑ ጠቀሰኝ፣ "ለእናትሽ ኬኩ ነው ያስመለሰኝ እንዳትያት" አለኝ። የመጨረሻ ቀልዱ ነው። ማጨጃው ማዕዘኗን ዞሮ ሲመለስ አባቴ ሁለት ጆንያዎች መካከል ተቀምጦ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ነበር። የተኛ መስሎኝ እንዳልቀሰቅሰው ዝም አልኩ።

ትራክተሩ የቆመው ማዕዘኗ ካለቀች በኋላ ነው።

የቀረው ሁሉ ጥድፊያ ነው። ጉስታቭ አባቴን የስንዴ ጆንያ ላይ አጋድሞ መኪናው ላይ ጫነው፣ በእኛ ቤት በኩል ስናልፍ እናቴ ሊና እጇ ሊጥ እንደሆነ ዘላ ከኋላ ወጣች፤ እኔ ከፊት ከጉስታቭ አጠገብ ተቀመጥኩ። የከተማው መንገድ ግማሽ ላይ በረዶው ጣሪያውን ይደበድብ ጀመር። ጉስታቭ አያቶቻችን ይዘውት በመጡት ጀርመንኛ አባታችን ሆይን ይላል፣ ያልቃል፣ እንደገና ይጀምራል። እኔ የሚዘፍን መስሎኛል። ደስ ይበለው ብዬ፣ "አጎቴ፣ ስንዴው ተረፈ?" ብዬ ጠየቅሁት። አባታችን ሆይን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ከተማ ስንደርስ ሐኪሙ የሚያደርገው ብዙ ነገር አልነበረም። አባቴን ወደ ውስጥ አስገቡት፣ ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ ብቻውን ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ምን ዓይነት እባብ እንደነበር ጠየቀ። ጉስታቭ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣ ትንሽ ቀለበታም ነገር፣ ጉዳት የሌለው፣ ፀሐዩ ነው የጎዳው አለ። እኔ ከቆርቆሮ ሣጥኔ ጋር ወደ ፊት ወጣሁ። አዋቂ የጠየቀውን መመለስ የሚያስመሰግን ነገር መሆኑን እናቴ ነች ያስተማረችኝ።

ሐኪሙ ሣጥኑን ከፍቶ አየ። ከዚያ ለእናቴ አስረዳት። ይህ የቡናማው ልጅ ነው። ከአንድ እናት፣ ከአንድ ጎጆ፣ አንዱ እንቁላል ቀለበታም ሲፈለፍል ሌላው ወጥ ሆኖ ይወጣል፤ ሲያድግ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ቀለበቱ ይጠፋል። ሰሜን፣ ደቡብ የለውም፤ ከእኛ ማሳ አንስቶ በሰሜን እስከ ኩዊንስላንድ ጫፍ ድረስ፣ ስንዴና አይጥ ባለበት ሁሉ አለ። መርዙ ደግሞ ከወላጆቹ አያንስም። የእባብ ልጅ እባብ ይባል የለም።

"መቼ ነው የተነደፈው?" ብሎ ጠየቀ።

"አሁን ቅርብ ነው" አለ ጉስታቭ። "እንደተነደፈ ነው ያመጣሁት።"

"አይደለም" አልኩ እኔ። "ማዕዘኗ ከማለቋ በፊት ነው። ከዚያ ማዕዘኗን ጨረሱ።"

አዋቂዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ጎበዝ እስኪሉኝ ጠበቅሁ። እናቴ እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ በጥፍሯ እየፈቀፈቀች ጉስታቭን አየችው፣ ደጋግማ አየችው፣ ሐኪሙንም፣ "ያኔውኑ ቢመጣ ኖሮ?" አለችው በዝግታ። ሐኪሙ ምናልባት አለ። ክንዱ ታስሮ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ጊዜ ሳይባክን ቢደርስ ምናልባት። "ምናልባት" የምትለውን ቃል እናቴ ከሆስፒታሉ ይዛት ወጣች፤ ሌላ ይዛ የወጣችው የአባቴን ቀበቶና ባርኔጣ ብቻ ነው።

ለእኔ የተነገረኝ አባቴ በፀሐይ እንደሞተ ነው። የሐኪሙ ንግግር አልገባኝም ነበርና እኔም አመንኩ። እንዲያ የሚያምር እባብ ሰው ይገድላል ብዬ እንዴት ላስብ?

ከቀብሩ በኋላ ሁሉም ነገር ሰላም መሰለኝ። ጉስታቭ ሳይጠየቅ ማሳችንን አረሰ፣ ዘሩን ዘራ፣ ማገዶ ፈልጦ ከደጃችን ደረደረ። እናቴ ሁሉንም ተቀበለች፣ ግን አመሰግናለሁ አትለውም፤ እኔ ደግሞ በጣም የሚቀራረቡ ሰዎች ምስጋና አያስፈልጋቸውም ብዬ ተረጎምኩት። ቤተ ክርስቲያን በአንድ አግዳሚ ላይ ነው የምንቀመጠው፤ እናቴ፣ እኔ፣ አክስቴ ሁልዳ፣ ጉስታቭ። ሴቶቹ፣ እግዚአብሔር ምን ዓይነት ዋርሳ ሰጣት ይላሉ። እናቴ መዝሙሩን ከማንም በላይ ጮክ ብላ ትዘምራለች። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለውን ያኔ አላውቀውም፤ ባውቀውም ስለ እናቴ ነው አልልም ነበር።

አንድ ቀን ታናሽ እህቷ ልትጠይቃት መጥታ ኩሽና ውስጥ በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰማሁ። እህቷ፣ ለእግዚአብሔር ስጭው፣ ታገሺ ትላታለች። እናቴ ድንች እየላጠች፣ "እየታገስኩ ነው፤ ጸደይ ይምጣ ብቻ" አለቻት። እኔም ጸደይን እጠብቅ ጀመር። ጸደይ ሲመጣ ኩሬው ዳር ቢጫ አበባ ይፈነዳል፣ እናቴ ለእሱ የጓጓች መስሎኝ።

ጥቅምት ላይ፣ አበባው ፈንድቶ፣ እናቴ ከዶሮ ቤቱ ኋላ አንድ ትልቅ ቡናማ ገደለች። ይሄ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቡናማ ነበር፤ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ወጥ፣ ጀርባው እንደ ተቀባ ቆዳ የሚያብለጨልጭ፣ ሆዱ ክሬም መልክ ሆኖ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለበት። በሌላ ጊዜ የተገደለ እባብ አጥር ላይ ይሰቀላል፣ አላፊ አግዳሚ አይቶ እንዲያደንቅ። በጥቅምት ግን አይሰቀልም። በጥቅምት የገደሉትን ወዲያው ያቃጥላሉ፣ የወደቀበትንም ቦታ ላምባ ያርከፈክፉበታል፣ ምክንያቱም የትዳር ጓደኛው ደም ሊመልስ ይመጣል። ይህን ያስተማረን ሰው የለም፤ ስንወለድ አብሮን የተወለደ ነው።

ዛሬ የሙዚየም ሰዎች ይስቁበታል። እባብ ትዳር የለውም፣ ቂምም አያውቅም፣ በጸደይ ወንዱ የሴቷን ሽታ ተከትሎ ነው የሚሄደው ይላሉ። ይበሉ። አባቶቻችን ያዩት ትክክል ነው፤ እባቡ ይመጣል። ቂም ያሉት ከራሳቸው ወስደው ነው።

እናቴ ላምባ አላመጣችም። እባቡን በአካፋው ገልብጣ፣ ሆዱን በእግሯ ጫን ብላ አየችውና፣ "ሴት ናት" አለች። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እንዲያ ደስ ብሏት አላየኋትም። ጆንያ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ እጇን ታጥባ ኬክ ጋገረች፣ ቅቤና ስኳር ፍርፋሪ ያለበትን፣ የእንግዳውን። የእሁድ ቀሚሴን አለበሰችኝና አጎትሽ ቤት ልንሄድ ነው አለችኝ። ኬኩ ጭኔ ላይ፣ ጆንያው ከጋሪው መቀመጫ ሥር። እባቡን ለምን ይዘነው እንደምንሄድ ስጠይቃት ከቤታችን ርቃ ትጣል ብዬ ነው አለችኝ። ልክ ነች ብዬ አሰብኩ። እናቴ እኔን ከእባቧ ባል ልታድነኝ ነው።

ጉስታቭ ቤት ስንደርስ አክስቴ ሁልዳ ሻይ ልትጥድ ገባች፤ ጉስታቭ ሳሎን አረፍ ብሎ ነበር። እናቴ እጄን ልታጠብ ብላ በጓሮ በኩል ዞረች። ቆየች። እኔም ፍለጋ ሄድኩ።

የጓሮው በረንዳ ላይ ተንበርክካለች። የጉስታቭ የሥራ ቦት ጫማ ከፊቷ ነው፤ ሁልዳ ወለሏን እንዳያቆሽሽባት ውጭ ነው የሚያወልቀው። እናቴ እጇን በእባቧ ጆንያ ጠቅልላ ጫማውን ታሻለች፤ ቆዳውን፣ ማሰሪያውን፣ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ውስጡን ሳይቀር። ፊቷ ቀልቷል፣ ከንፈሯን ነክሳለች። ቀጥላ ጆንያውን ከደረጃው እስከ ማገዶው ክምር፣ ከማገዶው እስከ አጥሩ ድረስ መሬት ለመሬት ጎተተችው። ግቢውን የምትጠርግላቸው መሰለኝ።

ከፋሲካ በፊት ባለው ሐሙስ ፓስተራችን፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ሰብኮ ነበር፤ ለአሳልፎ ሰጪው ሳይቀር ብሎ። በረንዳው ጥግ ቆሜ እንባዬ መጣ። እናቴ እንደ ጌታ ናት አልኩ።

ታዲያ እንዲያ ያለ ነገር አይቶ ዝም ማለት ለእኔ አይነት ልጅ አይሆንም። ጠረጴዛ ላይ ቀርበን፣ ጉስታቭ ኬኩን ሊቆርስ ሹካውን ሲያነሳ፣ "አጎቴ፣ እማዬ ጫማህን አጸዳችልህ! ውስጡን ሁሉ! ተንበርክካ!" አልኩ።

ሁልዳ ደስ ብሏት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እናቴ ሲኒዋን አላስቀመጠችም፣ አልጠጣችም። ጉስታቭ ሹካውን አስቀምጦ ውሻውን ልየው ብሎ ተነሣ። እኔ ከተቀመጥኩበት የጓሮው የወንፊት በር ይታየኛል። ጎንበስ ብሎ አንዱን ጫማ አነሣ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ቆየ። ወደ አጥሩ አየ፣ ጆንያው የተጎተተበትን አቧራ። ጫማውን መልሶ እንደነበረ አስተካክሎ አስቀመጠውና ገባ።

ኬኩን እስከ መጨረሻው ፍርፋሪ በላው። "አመሰግናለሁ፣ ሊና" አላት።

"ምንም አይደለም" አለችው።

ልንሄድ ስንል ሊሸኘን ወጣ፣ ጫማውንም እኛ ፊት አደረገው። እዚህ አገር ሕፃን እንኳ በረንዳ ላይ ያደረ ጫማ ሲያደርግ ገልብጦ ሳያራግፍ እግሩን አያስገባም። ጉስታቭ አላራገፈም። ቀጥ አድርጎ እግሩን ከተተ፣ ማሰሪያውን አሰረ፣ ቀና ብሎ እናቴን አያት። እኔ በእናቴ ጽዳት ተማምኖ ነው አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ሁልዳ ታማርራለች። ጫማውን ወደ ውስጥ አስገባው ብትለው እምቢ ይላል። ማታ በረንዳ ላይ ይተዋል፣ ጠዋት ሳያራግፍ ያደርገዋል። ሴቶቹ እርጅና ነው ብለው ይስቃሉ። እናቴ ግን ጉስታቭ በቤተ ክርስቲያኑ በር ሲገባ መጀመሪያ የምታየው እግሩን ነበር። እየተራመደ ሲገባ ባየችው ቁጥር መዝሙር መጽሐፏን ጨብጣ ከንፈሯ ይነጣል። እኔ ጫማው ቆሽሾ እንደሆነ የምታይ መስሎኛል።

ጸደዩ ሊያበቃ ሲል መጣ። የመጣውም ወንዱ ነበር። ግን ያገኘችው ሁልዳ ነች፣ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ፤ ከጫማው አጠገብ በረንዳው ላይ ተጠቅልሎ። ልብስ የምትቀቅልበትን የፈላ ውኃ ገልብጣበት ገደለችው። እሁድ ለሁሉም አወራችው፤ አንድ እርምጃ ብትጨምር እግሯ ላይ እንደነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ የልብስ ገመድ እንኳ ባየች ቁጥር ትጮሃለች።

እናቴ ያን ቀን መዝሙር አልዘመረችም። በመንገድ ጋሪውን አቁማ አጥር ተደግፋ አስመለሰች። ታመምሽ እንዴ ስላት፣ "ሁልዳ ምን አደረገችኝ?" አለች፤ ለእኔ አልነበረም የምትናገረው። ሌላ እባብ ወደዚያ ቤት አልወሰደችም። የተወችው ለሁልዳ ብላ እንጂ ለእሱ ብላ እንዳይመስላችሁ።

ይህን ሁሉ ያጫወተችኝ እኔ የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ሆኜ ነው፣ በረንዳዬ ላይ አተር እየፈለፈልን። ስለ ዝናብ እንደምታወራ አድርጋ ነገረችኝ። ሆዴ ላይ እጄን አድርጌ አዳመጥኳት። ልፈራት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ጸጸት ይታይባት እንደሆነ ፊቷን አየሁት፤ የነበረው ጸጸት ሳይሳካልኝ ቀረ የሚል ዓይነት ነው። ለጉስታቭስ ነገርሽው ወይ ስላት፣ "ገና" አለችኝ።

ለምን ገና እንዳለች የገባኝ ቆይቶ ነው። ጉስታቭ ያን ኬክ ከበላ ጀምሮ ማዕዘኗን ቀድሞ መጨረሱን የሰማ ሰው ሁሉ እናቴ ይቅር እንዳለችው አድርጎ ይቆጥር ነበር። ወሬውን ያዳረስኩት እኔው ነኝ፤ ጫማ ያጠበችው የሊና ታሪክ በየቤቱ ተወርቷል፣ ፓስተሩ ስም ሳይጠራ ሰብኮበታል። ጉስታቭም በዚያ ይቅርታ ጥላ ሥር ኖረ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነ፣ ተከበረ። እናቴ ስብከቱን አልተቃወመችም። ጥላውን የምታነሳበትን ቀን ትጠብቅ ነበር።

ሁልዳ ቀድማ አረፈች። ከዚያ ጉስታቭ ሳንባው ውኃ ያዘና የከተማው ሆስፒታል ገባ፣ አባቴ የሞተበት። ሐኪሞቹ ከሳምንት አያልፍም እንዳሉ እናቴ በሰማች ማግስት ጠዋት ስልክ ደወለችልኝና በመኪና ውሰጅኝ አለችኝ። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በመንገዱ ሁሉ አልተናገረችም። እኔ ደግሞ አርባ ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፣ አሁንም እንደ ልጅነቴ አነበብኳት፤ ሞት ሲመጣ ሰው ይለሰልሳል፣ ልትታረቅ ነው አልኩ።

ጉስታቭ አልጋው ላይ ትንሽ ሆኗል። ዓይኑን ገልጦ አያት። "መጣሽ ሊና" አለ።

እናቴ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፣ ጓንቷን ሳታወልቅ። "ሳልነግርህ እንዳትሞትብኝ ብዬ ነው" አለችው። "ያን ጊዜ ጫማህን ያሸሁት በጫማ ቀለም አልነበረም።"

"አውቃለሁ" አለ።

እናቴ ወንበሩ ላይ ቀና አለች።

"የገበሬ አፍንጫ ነው ያለኝ። የእባብ ሽታ አላጣውም። ሴት እንደነበረች ሁሉ አውቄያለሁ፤ ጥቅምት ነበር።" ትንፋሽ እስኪያገኝ ቆየ። "በየጠዋቱ እግሬን ከተትኩ። ይምጣና ይፍረድብኝ ብዬ። ሁልዳ ቀደመችው እንጂ።"

እናቴ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ያስቀመጠችውን ነገር ከፍታ ባዶ አገኘችው። ያ ጥላ እሱንም አንድ ቀን አሳርፎት አያውቅም ነበርና የምታነሳበት ነገር አልነበራትም። ድምጿ ሲወጣ የእሷ አልመስል አለኝ።

"ለምን?" አለችው። "የእባቡን ዓይነት ስተህ ከሆነ ለምን ይፈረድብሃል? ሰዉ ሁሉ ይስት ነበር።"

ጉስታቭ ወደ ጣሪያው አየ። ያን ያህል ዓመት አብሯት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያልተናገረውን ያኔ ተናገረ።

"አባታችን ሕፃን ሳለሁ የጭድ ክምር ሲያነሣ የእባብ ጎጆ አሳይቶኛል። የተፈለፈሉ፣ ገና እንቁላሉ ያልደረቀላቸው። ግማሾቹ ወጥ፣ ግማሾቹ ቀለበታም። ሁለቱም ቡናማ ናቸው ብሎኛል። ኤርዊን ያኔ ገና አልተወለደም።" እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሰ። "አውቅ ነበር፣ ሊና። ደመናውን አየሁት። ምናልባት ጥርሱ አልገባ ይሆናል አልኩ። ማዕዘኗ ትንሽ ነበረች።"

እኔ የቆምኩት በሩ አጠገብ ነው። ጆሮዬ ውስጥ ትራክተሩ ሲዞር ሰማሁት። ያን ቀን ያየኋቸው ሦስት እይታዎች፣ ወደ እባቡ፣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አባቴ፣ ምን እንደነበሩ ያኔ ነው የገባኝ። ሦስተኛው ላይ ወንድሙን መዝኖት ነበር።

ጉስታቭ ከብርድ ልብሱ ሥር እጁን አውጥቶ ወደ እናቴ ዘረጋ። "እግሬን ሰጥቼዋለሁ። ጸደዩን ሙሉ። አልነካኝም" አለ። "እንግዲህ ይብቃን፣ ሊና።"

እናቴ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ቀስ ብላ ተነሥታ ወንበሩን ወደነበረበት መለሰችው፤ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠለጠለች።

"የማረህ እባቡ ነው" አለችው። "እኔ አልማርኩህም።"

ወጣች። ጉስታቭ እጁን አላጠፈም፤ ወደ እኔ አዞረው። ከንፈሩ ስሜን ሲጠራ አየሁ። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው፣ ምን ነበረበት ብትይዥለት፣ የሚሞት ሰው አይደለም ወይ ይሉኛል። የሚሞት ሰው ነበር። እኔም አውቃለሁ፤ አባቴም የሚሞት ሰው ነበር፣ እሱም ያውቅ ነበር። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።